ወደ ላይ የዘነበ በረዶ

ባለፈው ሳምንት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ወደ ሳይንስ ማዕከል ስወስድ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ስም ጠራሁ፣ መተላለፊያው ላይ የተዘረገፉትን ቦርሳዎች አስነሳሁ፣ የተጣሉ ልጆችን ለያይቼ አስቀመጥኩና ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሽታው መጣ። እርጥብ የጎማ ምንጣፍ፣ ማሞቂያው አጠገብ የሚደርቅ የሱፍ ጓንት፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ናፍጣ።

«ሚስ፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ተማሪ።

«አላመመኝም። እያሰብኩ ነው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ በረዶ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየት አደረገችና፣ በረዶ በማይጠፋባት ካልጋሪ ውስጥ ስለ በረዶ ማሰብ ምን ይሠራል በሚል ፊት ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ነገር ሳስረዳ ከመጀመሪያው መጀመር እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼም በዚህ ያሾፉብኛል። እዚህም እንደዚያው ላድርግ።

ያን ዓመት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል የካልጋሪ ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ከላይ እኛ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ደግሞ ጋሼ ወርቁ። ጋሼ ወርቁ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ቶሮንቶ የሄዱባቸው ሽማግሌ ሲሆኑ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ጧት የሚወስዱኝ፣ ከሰዓትም የሚመልሱኝ እሳቸው ነበሩ። ቤታችን አንድ ስለሆነ የመጨረሻዋ ወራጅ እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተር ላይ መጎለት ስለምወድ «ኢንጂነር» ይሉኛል። «ኢንጂነር፣ ደርሰናል፤ ሂሳብሽን ከፍለሽ ውረጂ» ሲሉኝ ጓንቴን አውልቄ እጃቸውን እመታለሁ። በእኛ ሰዎች መካከል ጠብ ሲኖር የሚያስታርቁ፣ አገር ቤት ሰው ሲሞት እዚህ ላለው ዘመዱ የሚነግሩም እሳቸው መሆናቸውን አውቅ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ግን ፖስታ እንደ ማደል ያለ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው።

እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ የያዘችው ጽንስ ጨንግፎባት፣ ከዚያም ደግሞ ሌላው ጨንግፎባት ስለነበር፣ ሐኪሟ ሥራ እንድታቆምና እንድትተኛ አዘዛት። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ በጎኗ ተጋድማ ትውላለች። አባቴ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ነበር፤ ከዚያ ነው ጫማውን የሚያወልቀው። ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ በር እንኳ የሚዘጋው በቀስታ ነበር።

የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ዳዊት አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። ቅዳሜ ጧት፣ እዚያ ሲመሽ፣ በእናቴ ስልክ በቪዲዮ እናወራዋለን። መጀመሪያ እሷ ታወራውና «በሉ፣ እናንተ ደግሞ ቋንቋችሁን አውሩ» ብላ ስልኩን ትሰጠኛለች።

ቋንቋችን ይህ ነበር። አጎቴ የድሮ ጌም መጫወቻ የሚመስል ኮንሶል ኮምፒውተሬ ላይ ጭኖልኛል። በእጅ የሚያዝ ዕቃ አይደለም፤ ፕሮግራም ነው፤ ትእዛዝ እየጻፍን የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ሥዕሎች እንሠራበታለን። ሲከፈት አንድ ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ይመጣል። ያሉት ቀለሞች ጥቂት ናቸው፤ ነጥቦቹም እንደ ጥልፍ ክር በዓይን ይለያሉ። የድሮዎቹ ማሽኖች እንዲህ የነበሩት አቅም ስላልነበራቸው ነው። ይሄኛው ግን አቅም ሳያንሰው፣ ሆን ተብሎ ጠቦ የተሠራ ነው።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ብትገቢ የት እንደምትቀመጪ ይጠፋሻል። ጠባብ ክፍል ከሆነ ግን ወዲያው ማስተካከል ትጀምሪያለሽ» አለኝ።

ሙሉ ጌም አንሠራም ነበር። እሱ የሚወደው ጌም ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ነገሮች ነው፤ ችቦ ላይ የሚንቀጠቀጠውን እሳት፣ ከጣራ የሚወጣውን ጭስ፣ ሰውየው ዘሎ ሲያርፍ ከእግሩ ሥር የሚነሳውን አቧራ። «ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን ጨዋታው ይሞታል» ይል ነበር።

ማሞገስ የሚባል ነገር አያውቅም። የመጀመሪያውን እሳቴን ስልክለት አገላብጦ አየውና «ይሄ እሳት አይደለም፤ ብርቱካንማ የለበሰ ሣር ነው» አለኝ። ጭሴን «የተቆጣ ጥጥ» አለው። እኔም እየሳቅኩ፣ ትንሽም እያኮረፍኩ፣ ተመልሼ አስተካክላለሁ። ለምን እንደማላዝንበት ያኔ አይገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ሁሉ ለማለት የሠራሁትን ነገር ጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ነበረበት።

የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ የጣለው ቅዳሜ ቀን ነው። ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞርኩለት።

«ቆይ ቆይ፣ አታንቀሳቅሺው» አለ። ሳሮን የሚለውን ስሜን አሳጥሮ ሳሪ ነበር የሚለኝ። «ሳሪ፣ የኛ በረዶ እኮ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ሰው አያነጋግርም። ይሄ እንዴት ዝም ይላል?»

«ሁልጊዜም ዝም ነው የሚለው።»

«በይ ሥሪልኝ። እኔ እንደ አንቺ ሥሩ ቆሜ አላየሁትም። በዚህኛው አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።»

እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። እያንዳንዷ የበረዶ ብናኝ አንዲት ነጥብ ናት። ሁለት ቁጥር አላት፤ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ የት እንዳለች፣ ሌላው ከላይ ወደ ታች የት እንደደረሰች ይናገራል። ማሽኑ ዓይናችን ከሚከተለው በላይ በፍጥነት ስክሪኑን በጥቁር ይጠርጋል፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ትንሽ ይደምራል፤ ነጥቧን እንደገና ይስላል። ይህ ሲደጋገም ነጥቧ የምትወርድ ይመስለናል። ታች ስትደርስ ከላይ አዲስ ቦታ ይሰጣትና እንደገና ትጀምራለች። ሁሉ ነገር ይኸው ነው። ዛሬም ተማሪዎቼን የማስጀምራቸው በዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ስልክለት «ይሄ መጋረጃ ነው» አለኝ። «ሁሉም እኩል ነው የሚወርደው። እያንዳንዷ የራሷ ፍጥነት ይኑራት። ቅርብ ያለችው ትልቅ ናት፣ ትፈጥናለች፤ ሩቅ ያለችው ትንሽ ናት፣ ትዘገያለች። ደግሞ ውጪና እዪ። ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው? ወዲያ ወዲህ አትልም?»

ጓሮ ወጥቼ አንገቴን ሰቅዬ ቆምኩ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው በረዶው የሚወርድ አይመስለውም፤ ራሱ የሚነሳ ነው የሚመስለው። ተነስቼ ወደ ሰማይ የምሄድ መስሎኝ አጥሩን ያዝኩ። ብናኟ ሽፋሽፍቴ ላይ ስታርፍ ትከብዳለች፤ ከንፈሬ ላይ ስታርፍ ምንም አትመስልም። «ልጄ፣ ግቢ! ትቀዘቅዢያለሽ!» አለች እናቴ በመስኮቱ። «እያጠናሁ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አጎቴ አልደወለም።

«ኢንተርኔት ተዘግቷል አሉ» አለ አባቴ። ይህ አዲስ ነገር ስላልነበረ እናቴ «እነዚህ ሰዎች!» ብላ ተወችው። በዚያው ሳምንት ጋሼ ወርቁ ወደ ላይ እየመጡ ከአባቴ ጋር ኩሽና ውስጥ ይቆሙ ነበር። የሚያወሩት ቧንቧውን ከፍተው ነው። ውኃው ይፈሳል፣ እነሱ ጎንበስ ብለው ያንሾካሽካሉ። ቧንቧው ተበላሽቶ የሚጠግኑ መሰለኝ፤ ጥገናው ለምን እንደማያልቅ ግን ገርሞኝ ነበር።

ከዚያ ከአጎቴ መልእክት መምጣት ጀመረ። ድምፅ የለም፣ ቪዲዮ የለም፤ ጽሑፍ ብቻ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ኔትወርኩ አይችልም፣ አንቺ ግን እንዴት ነሽ፣ ራስሽን ጠብቂ፣ አይዞሽ። እናቴ ጮክ ብላ ታነብልናለች። «አየህ፣ ዳዊት ደግሞ ጨዋ ሆነ!» አለችው አባቴን። አባቴ ሳህን ለማጠብ ተነሳ።

እኔም የበረዶ ፋይሌን በእናቴ ስልክ ላክሁለት። መልሱ ቶሎ መጣ። «በጣም ያምራል የኔ ጎበዝ። በርቺ።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ። በስንት ጊዜዬ አመሰገነኝ ብዬ ለአባቴ አሳየሁት፤ ራሴን ዳበሰኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ላክሁ። «በጣም ያምራል የኔ ጎበዝ። በርቺ።» አሁን ግን ደስታው ቀነሰ። አጎቴ ያለ አንድ ነቀፋ የተወው ሥራ ኖሮኝ አያውቅም። ምናልባት ሰለቸሁት ብዬ አሰብኩ።

አንድ ቀን ጧት አውቶቡሱ ሳይሄድብኝ ብዬ ሳልሞክረው በጥድፊያ ላክሁለት። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ስከፍተው ክው አልኩ። መደመር በሚገባው ቦታ መቀነስ ጽፌያለሁ። በረዶው ሁሉ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ይዘንባል። እፍረትም ሳቅም ያዘኝ። አሁን አለቀልኝ፣ በዚህኛው ዓመቱን ሙሉ ይሳለቅብኛል ብዬ፣ እናቴን ስልኳን ለመንኳት።

«በጣም ያምራል የኔ ጎበዝ። በርቺ።»

ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄን ይዩልኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ምንድን ነው እሱ?»

«በረዶ።»

ጠጋ አሉ፤ ራቅ አሉ። «ኢንጂነር፣ በረዶ ከሆነ ምነው ሽቅብ ይሄዳል? ዓይኔ ነው ወይስ እርጅናዬ?»

«ዓይንዎ አይደለም፤ እኔ ተሳስቼ ነው። ግን አጎቴ ዳዊት ያምራል አለኝ። እርስዎ ወዲያው አዩት። እሱ እንዴት አላየውም?»

ጋሼ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር። ንጹሕ ነበር፤ እሳቸው ግን መጥረጉን አላቆሙም።

«ቢያየው ኖሮ ይነግርሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚህ ንግግር እኔ ያወጣሁት ትርጉም ይህ ነው፤ አጎቴ ዓይኑ ጠፍቷል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። እናቴ «ስክሪን ላይ አፍጥጠሽ ዓይንሽ ይጠፋል» ስትለኝ ኖራለች፤ አጎቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ነው። ለቪዲዮ የማይመጣውም ለዚህ ነው። ትልልቆቹ ቧንቧ ከፍተው የሚያንሾካሽኩትም ይህንኑ ነው። ያን ቀን ማታ እያለቀስኩ በረዶዬን ቀየርኩት። ነጥቦቹን እንደ ስኳር አንኳር የሚያካክሉ አራት ማዕዘኖች አደረግኳቸው፤ ያለውን ነጭ ሁሉ ተጠቀምኩ። በረዶ መምሰሉ ቀረ፤ ግድግዳ የሚፈርስ ነበር የሚመስለው። ይሄንንስ ያየዋል ብዬ ላክሁለት። ያምራል አለኝ።

በማግስቱ እራት ላይ አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ አጎቴ ዳዊት ዓይኑን አሞታል እንዴ?»

እናቴ ሶፋው ላይ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ማን አለሽ?»

«ማንም። ግን የምልክለትን አያየውም። ወደ ላይ የሚሄድ በረዶ ልኬለት እንኳ ያምራል አለኝ።»

የአባቴ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እናቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችን። «ስልኬን አቀብይኝ» አለችኝ።

«ጽጌ፣ እዚያ እኮ አሁን ሌሊት ነው» አለ አባቴ። «ልጅ ናት፤ መስሏት ነው።»

«ድምፁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ጽሑፍ፣ ጽሑፍ፣ ጽሑፍ! የታመመ እንደሆነ ለምን አይነግረኝም?» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ነገ እደውላለሁ። እኔ ራሴ እደውልና ድምፁን አሰማሻለሁ። አሁን ተኚልኝ፤ በማርያም» አለ አባቴ። ሲለምን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ለእሱ ስትል ተኛች፤ ስልኩ ግን ከእጇ አልወጣም።

በማግስቱ ከሰዓት ጋሼ ወርቁ ቤታችንን አልፈው ሄዱ። ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ሰፊ ፓርኪንግ ላይ አውቶቡሱን አቆሙና ሞተሩን አጠፉ። ማሞቂያው እየቀዘቀዘ ጠቅ ጠቅ ይል ነበር።

«ሳሮን፣ ወደ ፊት ነይ።»

ኢንጂነር አላሉኝም። መጥቼ ከጀርባቸው ተቀመጥኩ።

«አጎትሽ ዓይኑን አላመመውም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ሞቷል ልጄ።» ለትልልቅ ሰዎች «አርፏል» እንደሚሉ ኋላ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን እንዳልሳሳት ግልጹን ቃል መረጡልኝ። «ልቡ ነው አሉ። ሥራ ቦታው ወደቀ፤ በዚያው አልተነሳም። የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ነው።»

መጀመሪያ የመጣልኝ ልቅሶ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። «ያምራል የሚለኝ ማነው?»

«ሰናይት ናት፤ ሚስቱ። እኛ ነን የለመንናት። እናትሽ በዚህ ሁኔታዋ መርዶ ብትሰማ እሷም ሕፃኑም...» አልጨረሱትም። «ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ወልዳ፣ ክርስትናው አልፎ፣ በእግሯ ስትቆም እንነግራታለን። እስከዚያ ሰናይት በስልኩ ትጽፍላታለች። ኃዘን ላይ ተቀምጣ ነው የምትጽፈው፤ ይኸውልሽ።»

«እኔን ለምን ነገሩኝ?»

«ልጅ ላይ ይህን መጫን ልክ አይደለም። አባትሽም አልፈለገም ነበር። ግን አንቺ እያወቅሽ መጣሽ። ግማሹን የሚያውቅ ሰው ደግሞ መጠየቁን አይተውም።» በመስተዋቱ አዩኝ። «እዚህ አልቅሺ። የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ። ቤት ስንገባ ግን አይቻልም።»

አለቀስኩ። እሳቸው ወደ ፊት ዞረው፣ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ድምፄ ሲያልቅ በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ንጹሕ በረዶ በመዳፋቸው ዘግነው መጡና ጉንጬንና ግንባሬን አሹልኝ። «ብርድ ነው ያቀላት እንላለን» አሉ። ቤት ስንደርስ እናቴ «ምነው ፊትሽ?» አለች፤ «ብርዱ ነው» አልኳት። እጆቿን ጉንጮቼ ላይ አድርጋ አሞቀችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስረዳት እቸገራለሁ። ማልቀሱ ከባድ አልነበረም፤ ለማልቀስ አውቶቡሱ ነበር፤ ጋሼ ወርቁ የመጨረሻው ልጅ ከወረደ በኋላ ቀስ ብለው ይነዱልኝ ነበር። ከባዱ ቅዳሜ ነው። «ዛሬ ለዳዊት አልላክሽለትም?» ትለኛለች እናቴ ስልኳን እየዘረጋች። ካልላክሁ ትጠይቃለች። ስለዚህ እልክለታለሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ለሞተ ሰው፣ በረዶ።

ለመላክ ደግሞ መሥራት ነበረብኝ። ስኳር የሚመስሉትን አጥፍቼ ወደ ነጥቦቹ ተመለስኩ። መቀነሱን መደመር አደረግኩት። ለእያንዳንዷ የራሷን ፍጥነት ሰጠኋት፤ ወዲያ ወዲህ እንዲሉም አደረግኩ። መሥራት ያቃተኝ ቦታ ስደርስ የምጠይቀው አልነበረም፤ እሱ ምን ይል ነበር ብዬ አስብና ራሴን እወቅሳለሁ። ከፋይሉ ጋር «አጎቴ፣ አሁን ቀጥ ብለው አይወርዱም» ብዬ ጻፍኩ። «በጣም ያምራል የኔ ጎበዝ። በርቺ።» ይህን የምትጽፈው ሴት ጥቁር ለብሳ ሰው በተሞላ ቤት ጥግ ላይ ስትቀመጥ ይታየኝ ጀመር። «አመሰግናለሁ» ብዬ መለስኩላት። ለሁለቱም ይሁን ብዬ፣ ስም አልጻፍኩበትም።

ወንድሜ የተወለደው ቺኑክ የሚሉት በረዶ የሚያቀልጥ ሞቃት ነፋስ በነፈሰበት ሳምንት ነው፤ ጣራው ሁሉ ያንጠባጥብ ነበር። ጤነኛ ነበር፤ ጩኸቱ ብቻ ቤቱን ሞላው። እናቴ መጀመሪያ ፎቶውን የላከችው ለአጎቴ ነው። ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል መጣ። እናቴ «እንዴት እንዲህ ቆየብኝ!» አለች እየሳቀች። እኔና አባቴ አልተያየንም።

መርዶው የተነገረው ከክርስትናው በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ በጧቱ ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ እናቴ መኪናቸውን እንዳታይባቸው ከኋላ ያለው መንገድ ላይ አቁመው በእግራቸው መጡ። ፀሐይ ወጥቶ ነበር፤ እነሱ ግን ካፖርት ለብሰዋል። በር ላይ ካፖርቱን ሲያወልቁ ሴቶቹ ከሥሩ ነጠላ አዘቅዝቀው ለብሰው ኖሯል። እኔ ሕፃኑን ይዤ መኝታ ቤት እንድቆይ ታዝዣለሁ። በሩን ግን ገርበብ አድርጌዋለሁ።

እናቴ ጡጦ ይዛ ከኩሽና ወጣች። «እንዴ! ምነው ሳትደውሉ? ቤቱን እንኳ ሳላነሳሳ...» ለአፍታ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ማንም እንዳልተቀመጠ አየች። ጡጦውን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠች።

«ማነው?» አለች። «ንገሩኝ፤ ማነው?»

«ዳዊት ነው፣ ጽጌ» አሉ ጋሼ ወርቁ። «አርፏል።»

«አይደለም። ኧረ አይደለም፣ ጋሼ፤ ትናንት እኮ ጽፎልኛል!» ስልኳን አውጥታ ለእያንዳንዱ ሰው ታሳይ ጀመር። «ይኸው፤ ሕፃኑን ሳሚልኝ ብሎኛል። ይኸው እዩት!» ማንም ወደ ስልኩ አላየም። የማያዩበት ምክንያት ቀስ እያለ ፊቷ ላይ ሲገባ አየሁ። ከዚያ ጮኸች። ወንድሜ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አብሯት ማልቀስ ጀመረ።

ብዙ ቆይታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ጠየቀች። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የሚጽፍልኝ ማን ነበር?»

«ሰናይት» አላት አባቴ።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እሷ ደግሞ በምን አቅሟ ቻለችው?» አለች።

በሦስተኛው ቀን ለሰናይት ደወለችላት። ቤቱ ለቅሶ ደራሽ ሞልቶበት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ብዙም ቃል ሳይለዋወጡ አለቀሱ። ከዚያ እናቴ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች። «አንቺን ነው የምትፈልገው።»

የቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። እትዬ ሰናይት በቪዲዮው ከማስታውሳት ከስታ ነበር።

«ሳሪዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። «የላክሽለትን አንዱንም አላየሁትም። አከፋፈቱን አላውቅበትም። ያምራል ያልኩሽ እንዲያው ነው።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ኮምፒውተሩ እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። እንዴት እንደሚከፈት ብታሳዪኝ...»

በቅደም ተከተል ነገርኳት። መጀመሪያ ከጀርባው ያለውን ቁልፍ ተጫኚ። በራ? አሁን ዝም ብለሽ ጠብቂ። መልእክቶቹ እሱም ላይ ይገባሉ። ትንሽዬ ጥቁር አራት ማዕዘን ይታይሻል?

«ኧረ እዚህ ስንቱ ነገር አለ!»

«ከግራ በኩል። እሱን ሁለት ጊዜ ተጫኚው፤ ቶሎ ቶሎ።»

«እምቢ አለኝ።»

«እየቆየሽ ነው እትዬ። በር እንደምታንኳኪ አድርጊው።»

አንኳኳች፤ ተከፈተላት። ፋይሎቹን ከላይ ጀምራ ስማቸውን አነበበችልኝ። ወደ ላይ የሚሄደውን አሳለፍኳትና የመጨረሻውን አስከፈትኳት። ስልኳን ወደ ስክሪኑ አዞረችልኝ። አቧራ የለበሰው ስክሪን ላይ፣ አጎቴ ይሠራበት በነበረው ጠረጴዛ፣ በረዶዬ ይወርድ ጀመር። ትልልቆቹ ከፊት፣ ትንንሾቹ ከኋላ፣ ወዲያ ወዲህ እያሉ።

ጠበቅኩ። «ያምራል» የሚለው ቃል አሁን ይመጣል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ፤ ቢመጣም አልከፋም ብዬ። አልመጣም። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ ተቀመጠች። ስልኩን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አደረገችው፤ ከዚያም ዝቅ፣ ወደ ታችኛው ጫፍ።

«ሳሪዬ።»

«አቤት።»

«ታች ሲደርስ ይጠፋል።»

«አዎ፤ ከዚያ እንደገና ከላይ ይጀምራል።»

«እናንተ ዘንድ እንደዚህ ነው? መሬት ላይ አይቀርም?»

ክረምቱን ሙሉ ከአባቴ ጋር በረዶ ስዝቅ ከርሜያለሁ፤ ይህ ግን አንድ ጊዜም አልታየኝም ነበር።

«ይቀራል» አልኳት። «ይከመራል። በሩን ሁሉ ይዘጋል።»

«ታዲያ ይሄ የት ሄደ?»

ዓይኔ እየሞላ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። «ተሳስቻለሁ እትዬ» አልኳት። «ስልኩን አትዝጊው፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።»